ብልባላን በእግር፣ በሳተላይት ፎቶ ላይ

ከደሴ ጎህ ሲቀድ ተነሳሁ፣ የተጠቀለለ ሸራ አቅፌ። ሸራው ላይ የታተመው አንድ የግል ኩባንያ ሳተላይት ከሰማይ ያነሳው የብልባላ ፎቶ ነው። እዚያ በማስተምርበት ትምህርት ቤት የሳይንስ ክበባችንን ክፍል የተማሪዎች ምገባ እህል ማከማቻ እናድርገው የሚል ሐሳብ ተነስቷል፤ ነገ ወላጆች ተሰብስበው ይወስናሉ። እኔ ደግሞ በዋዛ አልለቅም፤ ክበቡ ምን እንደሚጠቅም በዚህ ፎቶ ላሳያቸው ነው።

ጋሸና

የአውቶቡሱ ረዳት ሸራውን ጣሪያ ላይ ልጫነው አለ። “በጭራሽ!” አልኩት፤ እንደ ሰው አስከፈለኝ። ጋሸና ብርዱ አያድርስ ነው። በጭነት መኪና ሾፌሮች መሀል ትኩስ ሽሮ በላሁና ላሊበላ ቤቴ ገብቼ አደርኩ።

ብልባላ

ሸራውን በትምህርት ቤቱ ግቢ አነጠፍኩት። ወላጆቹ በላዩ እየተራመዱ ቤታቸውን እንዲፈልጉ ነበር ሐሳቤ። መሀሉ ላይ ቆሜ “ኑ፣ ግቡ!” ስል ግን ማንም አልተንቀሳቀሰም። ተናደድኩ።

“እትዬ አበባ፣ ምነው?” አልኳቸው፤ ልጃቸው የክበቡ አባል ናት።

“ኧረ ልጄ! ደብሩን በእግሬ ልርገጥ?”

እውነትም ቤተ ክርስቲያኑ በጥድና በወይራ ተከቦ ይታያል። ፎቶ እኮ ነው ብል ማን ሰምቶኝ! ሸራውን ብጠቀልለው ክፍሉ አለቀለት። ስብሰባው ላይ ወደተገኙት የደብሩ ቄስ ዞርኩ።

“አባ፣ ምን ይሻላል?”

“ቤተ ክርስቲያን ስንገባስ ምን እናደርጋለን?” አሉና ጫማቸውን አውልቀው ገቡ፣ ደብሩን ዞረው እያለፉ። ወዲያው የሸራው ዳር በላስቲክ ጫማ ተሞላ።

“ይቺ የኔ ቆርቆሮ!”

“በሬዎቼስ የታሉ?” አሉ አንድ አባወራ።

“ከዚያ ከፍታ በሬ ነጥብ ነው የሚያክለው” ስላቸው ሳቅ ሆነ።

እትዬ አበባ ግን ማሳቸውን የሚበላውን ቦረቦር በጣታቸው ተከተሉት። ሽቅብ ሄዱ፣ ጉብታውን አለፉ፣ መንገዱ ዳር ያለው ቦይ ላይ ደረሱ።

“እኛ እታች ድንጋይ ስንከምር ጎርፉ የሚነሳው ከወዲያ ማዶ ነው ለካ!”

ሳተላይቱ ተመላልሶ ስለሚያነሳ የአምናውንም ፎቶ በስልኬ አሳየኋቸው፤ ቦረቦሩ ያኔ አጭር ነበር።

“ታዲያ ይህን የሚያሳየንን ክፍል ነው የምንዘጋው?” አሉ አባ። እህሉ ሌላ ቦታ ይፈለግለት ተባለ። ደስታዬ እንባ አመጣብኝ።

ቤት

ሸራውን ክፍሉ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ባዶ እጄን ላሊበላ ገባሁ። ለሰው አዲስ ነገር ከማሳየት በፊት የሚያከብረውን ማወቅ እንደሚያስፈልግ ተምሬያለሁ እያልኩ በራሴ ስኮራ፣ ጫማዬን ላወልቅ ጎንበስ አልኩና ክው አልኩ። ያን ሁሉ ሰዓት ሸራው ላይ በጫማ የቆምኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። አንድም ሰው አልተናገረኝም።