ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ

ሮቤ ውስጥ የአሜሪካን መንግሥት አወቃቀር ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም ብዬ አምን ነበር። አሁንም አምናለሁ፤ ችግሩ እሱ አልነበረም። ሲቪክስ አስተማሪ ነኝ። የሥልጣን ክፍፍል የሚለው ምዕራፍ ላይ ስደርስ ድምፄ ይለወጣል ይላሉ ተማሪዎቼ። ምክር ቤቱ ሕግ ያወጣል፤ ፕሬዚዳንቱ አልፈርምም ብሎ ይመልሰዋል፤ ምክር ቤቱ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ እንደገና ያጸድቀዋል፤ በመጨረሻ ዘጠኝ ዳኞች ጥቁር ካባቸውን ለብሰው ይመጡና «ይሄ ሕገ መንግሥቱን ይጻረራል» ብለው ይሽሩታል። ጥቁርና ነጭ ተማሪዎችን በትምህርት ቤት መለያየት የተሻረበትን ፍርድ፣ ጠበቃ መቅጠር ያቃተው እስረኛ በእርሳስ ጽፎ አመልክቶ ያሸነፈበትን ፍርድ ስተርክ ካባውን ራሴ የለበስኩት ይመስል ደረቴ ይነፋል።

እንዲህ ያለ ሰው ክፍል ውስጥ ብቻ ቢቀር ማንንም አይጎዳም። እኔን ግን የሰፈራችን እድር ጸሐፊ አድርገው መረጡኝ።

እድራችን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያለበት የቆየ እድር ነው። ሊቀመንበሩ ሐጂ፣ ሱቅ ያላቸው፣ ስብሰባ ማስረዘም የማይወዱ ሽማግሌ ናቸው። ደንባችን አንዲት ገጽ ነበረች። ሰው ሲሞት ጥሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ሁሉም ቀብር ይወጣል። መውጣት ያልቻለ ለጥሩምባ ነፊው በአጥር ላይ ይነግረዋል፣ አለቀ። እኔ ይህን ሳይ ከፋኝ። የሥልጣን ክፍፍሉ የታለ? ክረምቱን ሙሉ ተቀምጬ አዲስ ደንብ ጻፍኩ። ጠቅላላ ጉባኤው ሕግ አውጪ፣ ኮሚቴው አስፈጻሚ፣ ሦስት ሽማግሌዎች ደግሞ ተርጓሚ ሆኑ፤ አንዱ በሌላው ሥራ ዝር እንዳይል በአንቀጽ አጠርኩት። ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ሦስት ቀብር የቀረ አባል ይሰረዛል። ፈቃዱም የሚጸናው አባሉ ራሱ ደብዳቤውን ከጸሐፊው እጅ ፈርሞ ሲረከብ ነው።

ሐጂ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዳመጡኝ። «መምህር፣ እኛ እኮ የተሰባሰብነው ድንኳን ለመትከል ነው» አሉ። ቀጥለው «ቶሌ፣ ይሁን» ብለው ፈረሙ። እኔም አልገባቸውም ብዬ አዘንኩላቸው።

አጥር የምንጋራት ጎረቤቴ ገበያ ላይ ገብስና ስንዴ ትሸጣለች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ያለቻት አንዲት ልጅ ናት፣ እሷም የእኔ ተማሪ። አንገቱ በምትባል ከተማ ያሉት የጎረቤቴ እናት ታመው አልጋ ላይ ስለዋሉ ልታስታምም መሄድ ነበረባት። እንደ ድሮው በአጥር ላይ ነገረችኝ። እኔ ደግሞ ማመልከቻ አምጪ አልኳት። ልጇ ጻፈችላት፤ ኮሚቴው ፈቀደ፤ ሐጂ ከሌሎች ወረቀቶች ጋር ሳያነቡ ፈረሙበት፤ እኔ ማኅተም መታሁበት። ከሥራ ስወጣ አደርስላታለሁ ብዬ ከነማመልከቻው የማስተማሪያ ደብተሬ መሃል ከተትኩት። ያን ቀን ዝናብ ያዘኝ። በማግስቱ እሷ በጠዋቱ መኪና ሄደች፣ እኔም ረሳሁት።

ወራት አለፉ። ጉባኤ ላይ የቀሪዎችን ስም የማነበው እኔ ነኝ፤ ስሟ ላይ ስደርስ ሦስት ቀብር ቀርታለች። ከኋላ የተቀመጡት አንገቱ ሄዳ እኮ ነው ብለው አጉረመረሙ። እኔም መሄዷን አውቃለሁ፤ ነገር ግን ደብዳቤ አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ሐጂ የፈረምኩ ይመስለኛል አሉ። ፋይሉን ገለበጥኩ፣ የለም። ይመስለኛል የሚባል ነገር ደንቡ ውስጥ አልነበረም። እጅ ወጣ፣ ተሰረዘች። እኔም አንድ ደንብ ለጎረቤት ሳያዳላ ሲሠራ አየሁ ብዬ ኮራሁ። ይህን ስጽፍ ያሳፍረኛል፣ ግን እውነቱ እሱ ነው።

ብዙም ሳይቆይ እናቷን ይዛ መጣች። ጎባ ሆስፒታል አሳክማቸው ከእንግዲህ ቤታችሁ ይሁኑ ተብላለች። መሰረዟን እንደሰማች ደጄ ላይ ቆመች። አልጮኸችም።

«ከአንገቱ ዘመድ ይመጣል። ጥሩምባ ሳይነፋ፣ ድንኳን ሳይተከል እናቴን ስቀብር ቢያዩ፣ ሮቤ ላይ ሰው የላትም ብለው ነው የሚመለሱት» አለችኝ።

ለሦስቱ ሽማግሌዎች ይግባኝ ማለት እንደምትችል አስረዳኋት። አንቀጹንም ነገርኳት።

በዚያው ሳምንት ክፍል ውስጥ የምወደው ታሪክ ላይ ደረስኩ። አንድ ሰው ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ዳኛ ተብሎ ይሾማል። ደብዳቤው ተፈርሟል፣ ማኅተም አርፎበታል፣ ግን ሳይሰጠው መንግሥት ይቀየራል። አዲሱ መንግሥት አልሰጥም ይላል። ሰውየው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ዳኛው ደብዳቤው ይገባሃል፣ መከልከልህም ጥፋት ነው፣ ነገር ግን በቀጥታ ወደ እኛ እንድትመጣ የፈቀደልህ ሕግ ሕገ መንግሥቱን ስለሚጻረር ሽረነዋል፣ ስለዚህ ልናሰጥህ አንችልም ይለዋል። ፍርድ ቤቱ ሕግ የመሻር ሥልጣኑን ያጸናው እንዲህ ነው። ከዚያ ሁልጊዜ የማስቅበት ቦታ ይመጣል፤ ደብዳቤው በጊዜው እንዲደርስ ማድረግ የነበረበት ባለሥልጣን ማን ነበር? ፍርዱን የጻፈው ዳኛ ራሱ፣ ያኔ ሚኒስትር ሳለ።

ተማሪዎቹ ሳቁ። የዳኛውን ቃል ላነብላቸው የደብተሬን ገጽ ስገልጥ ወረቀት ወደቀ። ማኅተሙ ወደ ላይ ነበር።

ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠችው የጎረቤቴ ልጅ አነሳችልኝ። አብሮት ባለው ማመልከቻ ላይ የራሷን የእጅ ጽሑፍ አየች፤ እኔንም አየችኝ። ከሰጠችኝ በኋላ እጇን አውጥታ፣ እንደማንኛውም ተማሪ፣ ጠየቀች።

«መምህር፣ ሰውየውስ? ሹመቱን አገኘ?»

አላገኘም አልኩ።

የዚያኑ ቀን ደብዳቤውን ይዤ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሮጥኩ፣ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን አንድም ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ደንቡን አስመጥተው አንቀጽ በአንቀጽ አስነበቡኝ። ከዚያ ፈቃዱ ይገባት ነበር፣ መሰረዟም ስህተት ነው፣ ነገር ግን አባል መመለስ የጉባኤው ሥልጣን ስለሆነ እኛ ልንመልሳት አንችልም አሉ። ጉባኤው ደግሞ የሚቀመጠው አዝመራ ተሰብስቦ ሲያበቃ ነው። እግዜር ይቅር ይበለኝና መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነበር። ፍርዱ ቁርጥ የአሜሪካውን ነበር! ደጅ ወጥቼ ጥቂት እንደተራመድኩ ነው ጎረቤቴ ትዝ ያለችኝ።

እናቷ በሦስተኛው ቀን አረፉ። ሐጂ ለእህል ግዢ ሲናና ሄደው ነበር፣ ስልካቸውም አይሠራም። ጥሩምባ የሚነፋውም የድንኳኑን መጋዘን የሚጠብቀውም አንድ ሰው ነው፤ እሱ ቤት ሄጄ ለመንኩት። ሰውየው ክፉ አይደለም። ደንቡን በሚገባ ያስጠናሁት እኔ ነኝ። የተሰረዘ አባል ነው፣ ያለ ጉባኤ አልችልም አለኝ።

ጥሩምባ ስላልተነፋ የወጣው ለቀስተኛ ጥቂት ነበር። የአንገቱ ዘመዶች ግቢው ውስጥ ካፊያ እየመታቸው ቆሙ። አንድ አዛውንት ዙሪያውን ቃኝተው፣ ለጎናቸው ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ ጎረቤት የላትም እንዴ አሉ። እኔ አግዳሚ ወንበር ከቤቴ ተሸክሜ ስገባ ነበር። ሰማሁ፤ እሷም ሰማች።

ሐጂ አመሻሽ ላይ ደረሱ። ምንም አንቀጽ ሳይጠይቁ መጋዘኑን አስከፍተው ድንኳኑን አስተከሉ። ቀብሩ ግን አልፏል፤ የአንገቱ መኪናም ተመልሷል።

አዝመራው ሲያበቃ ጉባኤው በሙሉ ድምፅ መለሳት። ሐጂ የድሮዋን አንዲት ገጽ ብቻ አስቀሩና ሌላውን ለእኔ መለሱልኝ፤ ለተማሪዎችህ ይጠቅማል አሉኝ። እኔ ደብዳቤውን ከነመረከቢያ መዝገቡ አቀረብኩላት። ፈረመች፣ ወረቀቱን አጥፋ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።

«መምህር፣ ከእንግዲህ የቀረኝ የራሴ ቀብር ነው» አለች። «ለሱ ደብዳቤ አትጠብቁ።»

እሺ አልኳት። ቃለ ጉባኤው ላይ ላሰፍረው እስክሪብቶዬን አንስቼ ነበር፤ አብራት የመጣችው ልጇ ስታየኝ አስቀመጥኩት።