የእንግዳው ድርሻ

ሸዋዬ ቤተ ክርስቲያን ሳትስም የማትውል ሴት ነበረች። መንዝ ሳለች ጎህ ሲቀድ ተነስታ፣ ደጁን ተሳልማ፣ መቃኑን ስማ ነበር ወደ ሥራዋ የምትሄደው። ሶማሌላንድ፣ ሀርጌሳ ከገባች ወዲህ ግን የምትስመው ደጃፍ አጣች። «ሠላሳ አንድ ሜይ» በሚባለው ሰፈር በየቤቱ እየዞረች ልብስ ታጥባለች። ማታ ስትመለስ የተከራየቻትን ክፍል መቃን በጣቶቿ ነካ ታደርግና ጣቶቿን ትስማለች። «ምን ላድርግ፣ ያለኝ ይኸው ነው» ትላለች ለራሷ።

የቀራት ቤተ ክርስቲያን የመድኃኔዓለም ጽዋ ማኅበር ነው። ግንበኞች፣ ቀን ሠራተኞችና የቤት ሠራተኞች በወር አንድ ዓርብ፣ ሥራ በማይኖርበት ቀን ይሰበሰባሉ። ጋጋሪው በየተራ ይሁን እንጂ ስብሰባው ሁልጊዜ በሸዋዬ ክፍል ነው፤ ሌሎቹ ወይ አሠሪ ቤት፣ ወይ ያላለቀ ሕንፃ ሥር ነው የሚያድሩት። ቄስ የለም። ጸሎቱን የሚመሩት የማኅበሩ ሙሴ፣ ጋሽ ገነነ ናቸው፤ በልጅነታቸው ዲያቆን የነበሩ፣ አሁን ግንበኛ። በዚህ ከተማ የስንቱን ሰው ቤት አቁመዋል፤ የእሳቸው ቤተ ክርስቲያን ግን በሹክሹክታ የምትቆም ናት። ጠላ እዚህ የማይታሰብ ስለሆነ በጽዋው የሚቀዳው ብርዝ ነው። «በቃና ውሃው ወይን ሆነ፤ በሀርጌሳ ጠላው ውሃ ሆነ» እያሉ ይቀልዳሉ። በሥርዓት ግን ቀልድ አያውቁም። አንድ ጊዜ ከማኅበርተኛው አንዱ፣ ወንድምአገኝ፣ የሱቅ ዳቦ ይዞ ቢመጣ ጽዋውን ነስተውት ከርመዋል።

ዳቦው ሲቆረስ የመጀመሪያዋ ቁራሽ «የእንግዳው ድርሻ» ትባላለች። በር አንኳኩቶ ለሚመጣ ድኻ የምትቀመጥ ናት፤ ማን ያውቃል፣ ጌታ ራሱ ቢሆንስ? አገር ቤት ለማኙ ከማኅበርተኛው ቀድሞ ስለሚደርስ ችግር አልነበረም። እዚህ ግን በር ዘግቶ በሹክሹክታ የሚጸልይን ሰው ማን ብሎ ያንኳኳበታል? ቁራሿ ደርቃ ታድርና ጠዋት ለሰፈሩ ፍየሎች ትሰጣለች።

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ይባላል። ይህን የተናገረው ሰው አስሊን አያውቃትም። አስሊና ሸዋዬ አንድ ግድግዳ ነው የሚጋሩት። የአስሊ ባል አዋሌ አየር ማረፊያ ታክሲ ይነዳል፤ እሱ ደግ ነው፣ ሸዋዬን የልብስ ሸክም ከብዷት ካየ ሳያስከፍል ያደርሳታል። አስሊ ግን በውሃው ትጣላለች፣ በማስጫው ገመድ ትጣላለች። የምትናገረው በሶማልኛ ነው፤ ሸዋዬ ግማሹን ትሰማለች፣ ግማሹን ከፊቷ ትረዳለች። ባለፈው ወር ደግሞ ለአከራያቸው ለዓብዱላሂ «እዚህች ሴት ቤት ሰው ይበዛል» ብላ ነገረችው። ዓብዱላሂም ሁለተኛ ሰው ከሰበሰበች ክፍሉን እንድትለቅ አስጠነቀቃት።

ክፍሏ ከሄደች ማኅበሩም ሄደ ማለት ነው። ሸዋዬ ያን ማታ ወደ ግድግዳው ዞራ፣ አማርኛዬን ማን ይሰማዋል ብላ ጮክ ብላ አለቀሰች። «መድኃኔዓለም፣ ከአስሊ ምላስ ሰውረኝ! የእጇን ስጣት!» አለች። ማኅበርተኛው ግን በዚህ ወር አንድ በአንድ፣ ድምፅ ሳናሰማ እንገባለን ተባባለ። ተራው የሸዋዬ ነበር።

ዓርብ ንጋት ላይ ከግድግዳው ወዲያ ጩኸት ተነሳ። አዋሌ ደረቴን አመመኝ እንዳለ ሕይወቱ አልፎ ነበር። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ተቀበረ። ግቢው በሰው ሞላ፤ ወንዶቹ ምንጣፍ ዘርግተው ተቀመጡ፣ ሴቶቹ አስሊ ክፍል ገቡ።

ሸዋዬ የእውነቷን አለቀሰች፤ ለአዋሌም፣ «የእጇን ስጣት» ላለችው አፏም። ባዶ እጅ ለቅሶ ቤት አይገባም። ያላት ነገር ደግሞ ለማኅበሩ የጋገረችው ድፎ ዳቦ ብቻ ነው። የእንግዳውን ድርሻ ብወስድላትስ ብላ ቢላዋ አነሳች። መዳፍ የምታህለውን ቁራሽ በዓይኗ ለካች፤ ከዚያ በበሩ ስንጥቅ ግቢውን የሞላውን ሰው አየች። አፈረች። ቢላዋውን አስቀመጠችና ዳቦውን እንዳለ ተሸክማ ወጣች።

የአስሊ በር ላይ ስትደርስ እጇ በዳቦው ባይያዝ ኖሮ መቃኑን ነክታ ሳትስም አትቀርም ነበር። ሴቶቹ ዞረው አዩዋት። ስታጠናው የመጣችው ሶማልኛ ከአፏ ጠፋና በአማርኛ «አላህ ሶብሩን ይስጥሽ» አለች።

አስሊ ቀና ብላ ዳቦውን አየችው።

«የእንግዳው ድርሻ ነው?» አለች፣ በጠራ አማርኛ።

ሸዋዬ ዳቦውን ፊቷ አስቀመጠች።

«ድሬዳዋ ነው ያደግሁት» አለች አስሊ። «በየወሩ እሰማችኋለሁ። የእንግዳው፣ የእንግዳው ትላላችሁ፤ ማንም አይመጣም።» ከዚያ ጨመረች፤ «ስሜን ስትጠሪም ሰምቻለሁ።»

«ይቅር በይኝ፣ እህቴ።»

«አውፍ ብያለሁ። አንቺም አውፍ በይኝ።»

ከጎኗ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ዳቦውን በጥርጣሬ ያዩ ነበር። አስሊ «ቢስሚላህ» ብላ ቆረሰችና መጀመሪያ ለእሳቸው ሰጠች። ከዚያ ዳቦው ከእጅ ወደ እጅ ሄደ፤ ለሸዋዬ ተመልሶ የመጣው ጨርቁ ብቻ ነበር።

ማኅበርተኛው በለቀስተኛው መሐል አልፎ አንድ በአንድ ገባ። ጽዋው ተሸፍኖ ተቀምጧል፤ ዳቦ የለም። ሸዋዬ የሆነውን ተናገረች።

«የመድኃኔዓለምን ዳቦ?» አለ ወንድምአገኝ። «ከቤት ልታስወጣን ለተነሳች ሴት? እኔ የሱቅ ዳቦ ስላመጣሁ ተቀጥቻለሁ፣ እትዬ!»

ዳግማዊት፣ የማኅበሩ ታናሽ፣ ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም። ሁሉም የጋሽ ገነነን ፍርድ ጠበቀ። ሸዋዬ የዳቦውን ባዶ ጨርቅ አጣጠፈች። ከማኅበሩ ካስወጧት በዚህ ከተማ ሌላ ቤተ ክርስቲያን የላትም።

«ምን አለችሽ?» አሉ ጋሽ ገነነ።

«የእንግዳው ድርሻ ነው ወይ አለችኝ። በየወሩ እሰማችኋለሁ፣ ማንም አይመጣም አለች። በአማርኛ ነው ያለችው።»

እያንዳንዱ ሰው በዚያ ግድግዳ ሥር ስለ አስሊ የተናገረውን አሰበ፤ ያልተናገረ አልነበረም። ጋሽ ገነነ የሻከረ የግንበኛ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቆዩ። ከዚያ ተነሱና ወደ ግቢው ወጡ። ጫማቸውን አውልቀው ምንጣፉ ዳር ቆሙ። ዓብዱላሂ አያቸው፤ ከኋላቸው የወጡትንም ሁሉ አየ፤ የከለከለው ስብሰባ ፊቱ ቆሞ ነበር። ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀላቸው። ሴቶቹ ከአስሊ ጋር፣ ወንዶቹ ምንጣፉ ላይ፣ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ተቀመጡ። ያን ቀን ጽዋው አልተከፈተም።

ወደ ክፍሏ ተመልሰው ሊለያዩ ሲሉ ጋሽ ገነነ ጽዋውን ከነሽፋኑ አንስተው ሸዋዬ ፊት አስቀመጡት።

«ማኅበሩ አልተጠጣምና ጽዋው ካንቺ አይነሳም» አሉ።

ቅጣቷ መስሏት አንገቷን ደፋች።

«በሚመጣው ወር ደግመሽ ትጋግሪያለሽ» አሉ። «ዳቦው የእንግዳው ነው። ለእኛ ድርሻ አስቀሪልን።»

ይህን ሲሉ፣ ከወትሯቸው በተለየ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አላደረጉም።