ሽማግሌዎቹ እስኪነሱ

ባለፈው ሰኞ የካ አባዶ ካለው ኮንዶሚኒየማችን ተቀምጬ፣ የልጅ ልጄ ሐና ከስልኳ ዜና ታነብልኝ ነበር። የአንድ አገር ጦር የጎረቤቱን ድንበር አልፎ ገብቷል። «ታላላቆቹ መንግሥታት ጉዳዩ እንዳሳሰባቸው ገለጹ» ስትል ልቤ ወደ ደርግ ዘመን፣ ወደ እንጦጦ ጭጋግ ሄደ።

ያን ጊዜ ሃያ ዓመቴ ነው። ከአባቴና ከታላቅ ወንድሜ ከሽፈራው ጋር እንጦጦ ላይ አጣና እየቆረጥን እንሸጣለን። ክረምት ጠዋት ደመናው ባሕር ዛፉ ውስጥ ገብቶ ይተኛል። ሰው በሦስት እርምጃ ይጠፋል። እርጥቡ ቅጠል ሲረገጥ ሽታው አፍንጫ ይከፍታል። ሽፈራው ከፊቴ ሲሰወርብኝ ፉጨቱን እየሰማሁ እከተለው ነበር፤ አንዳንዴ ሰው ሳይሆን ጭጋጉ ራሱ የሚያፏጭ ይመስለኛል።

ሐምሌ ላይ የሶማሊያ ጦር በምሥራቅ ገባ ተባለ። ሽፈራው ለሚሊሺያ ተመለመለ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይሄዳል። ቡልጋ ያለው አጎቴ ሰምቶ መጣ።

«ልጁን ዛሬውኑ ስጠኝ፣ እኔ ዘንድ ይክረም» አለው አባቴን። «ቆላ ከወረደ ማን ያገኘዋል?»

አባቴ የታወቀ አስታራቂ ነበር። ሁለት ሰዎች በወሰን ሲጣሉ ዛፍ ሥር ያስቀምጣቸዋል፣ ከሁለቱም ዋስ ይቀበላል፣ ያጠፋው ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቃል። ዓለምም በዚሁ የምትኖር ይመስለው ነበር።

«ቆይ እስቲ» አለ። «ታላላቅ አገሮች እያሉ ወሰን የገፋ ዝም ይባላል እንዴ? ልጁ ሳይደርስ ያስታርቋቸዋል።»

አመሻሹ ላይ ሲግናል ሰፈር ወረድን። ባለሱቁ አቶ ሰዒድ ራዲዮ አላቸው፤ ደጃቸው ላይ እሸት በቆሎ ይጠበሳል። የውጭው ጣቢያ ድምፅ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ አንዴ ይበረታል፣ አንዴ ይሸሻል።

«አሜሪካ ምን አለ?» አለ አባቴ።

«አሳስቦኛል ነው የሚለው፣ ጋሽ ወልዴ።»

«ሩሲያስ?»

«እሱም አሳስቦታል።»

አባቴ ፊቱ በራ። «አየህ ሰዒድ! የጨነቀው ሽማግሌ ተቀምጦ አይቀርም።»

በቆሎ የሚግጥ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ሳቀ። «አባባ፣ እነዚህኮ መሣሪያ ሻጮች ናቸው። ባለሱቅ እንጂ ሽማግሌ አይደሉም።»

«ባለሱቅ ደግሞ ምን አደረገህ?» አሉ አቶ ሰዒድ። ሁላችንም ሳቅን።

አባቴ በየቀኑ ይወርድና «ተነሱ?» ይላል። «ገና ናቸው» ይሉታል። አጎቴ ስምንት ቀን ጠብቆ፣ ጋቢውን አጣፍቶ ብቻውን ተመለሰ። ሽፈራው ሲሄድ፣ «ሐረር ሳልደርስ ይታረቁና ትጠሩኛላችሁ» ብሎ ቀለደ። አባቴን ያምነው ነበር።

ብርዱ ገብቶ ሰማዩ ከጠራ በኋላ፣ አንድ ጠዋት ትልልቅ አውሮፕላኖች ተከታትለው በላያችን አለፉ። አባቴ መጥረቢያውን ጥሎ ባርኔጣውን አወለቀ።

«መጡ!» አለ።

የጫኑትን ከአቶ ሰዒድ ሰምቼ ነበር። «አባዬ፣ መሣሪያ ነው። ሩሲያ ለእኛ የላከችው።»

ባርኔጣውን መልሶ አደረገ። «ሽማግሌ ለአንዱ ወገን ዱላ ያቀብላል?» አለኝ።

መጥረቢያውን አንስቼ ወደ እንጨቱ ተመለስኩ።

ጦርነቱን አሸነፍን፤ ከተማው ጨፈረ። ሽፈራው ግን አልተመለሰም። አጎቴ ለለቅሶ መጥቶ አንድም የወቀሳ ቃል አልተናገረም፤ አባቴን የጎዳው ያ አለመውቀሱ ይመስለኛል። ከዚያ ወዲህ ጠብ ተነሳ ሲባል አባቴ የያዘውን ጉርሻ ሳይውጥ ይነሳ ነበር። «ከጨነቀህ ተነስ፤ ካልተነሳህ ጨነቀኝ እያልክ ሰው አታዘናጋ» ይላል፣ ለማንም ሳይሆን ለራሱ።

«አባባ፣ ታዲያ ሊያስታርቋቸው ነው ማለት ነው?» አለችኝ ሐና።

«እንጃ ልጄ» አልኳት። እሷ ወደ ሌላ ነገር አለፈች። እኔ ግን በዚያ ድንበር ያለ አንድ አባት ይህንኑ ዜና ሰምቶ፣ ደስ ብሎት፣ ልጁን ሊወስድለት የመጣውን ዘመድ «ቆይ እስቲ» ሲለው ታየኝ። ስሙን አላውቀው፣ መንደሩን አላውቀው፤ ልጁን ስጠው ብዬ እንዳልጮህበት።