የጆንያ ፋብሪካው ቡድን የፈረሰበት እሁድ

ሰበታ ውስጥ ለኳሱ ደመወዝ የሚከፈለው ቡድን ነበረ ብል የዛሬ ልጆች አያምኑኝም። ነበረ። እኔ ቀኝ ተከላካዩ ነበርኩ። ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ማለቂያ ገደማ ነው። የጆንያ ፋብሪካችን ባለቤት፣ ሁላችንም «ሙሴ» የምንላቸው ፈረንጅ፣ ኳስ የሚወዱ ሰው ነበሩ። በስም ሠራተኞች ነን፤ ማሽን የምንነካው ግን እስከ ምሳ ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ ሌላው ሠራተኛ የቃጫ አቧራ ሲውጥ እኛ ታኬታ አጥልቀን ልምምድ እንወጣለን። ስናሸንፍ ሠራተኞቹ ትከሻቸው ላይ ያወጡናል። ስንሸነፍ ሰኞ ጠዋት በማሽኖቹ መሀል ማለፍ ያስፈራል፤ አንዴ በረኛችንን በመጠቅለያ ብረት ጀርባውን ብለውታል።

አምበላችን ከጦር ሠራዊት የተሰናበተ፣ ደረተ ሰፊ ሰው ነበር። ሠፈር ውስጥ ሲያዩት ትሁት ነው፤ ሽማግሌ ሲያልፍ ከመቀመጫው ይነሣል። ሜዳ ሲገባ ሌላ ሰው ይሆናል።

ጠባችን ከቡራዩ የሳሙና ፋብሪካ ቡድን ጋር ነበር። እነሱ አንድ ቀጭን አጥቂ ነበራቸው፤ ሲሮጥ መሬት የሚነካ አይመስልም። መጀመሪያ ቡራዩ ላይ ስንገጥማቸው ያ ልጅ ሁለት ጊዜ ጥሎን አለፈና አገባብን። ሦስተኛ ሊያልፍ ሲል አምበሉ በክርኑ አፉን መታው። የፊት ጥርሶቹ ረገፉ። ከሜዳ ስንወጣ የቡራዩ ሰው ካሚዮናችንን በድንጋይ ቀጠቀጠው። እነሱ ሰበታ ሲመጡ ደግሞ የእኛ ሰዎች ድልድዩ ጋ ጠብቀው አጸፋውን መለሱ። ያን ቀን ከነሱ ደጋፊዎች አንዱ ክንዱ ተሰብሮ ሄደ።

ሙሴና የሳሙናው ባለቤት ለፋብሪካዎቹ ዋንጫ ጨዋታ ገለልተኛ ቦታ ይሻላል ብለው ሱሉልታን መረጡ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሄድን። ሜዳው የአንድ አዛውንት ገበሬ ግጦሽ ነበር፤ ቤታቸው ከጎሉ ጀርባ ነው። ፖሊስ ሁለት ብቻ። ከሁለቱም ከተማ በካሚዮን የመጣው ሰው ግን ዱላ ያልያዘ አልነበረም።

አንድ ለአንድ ሆነን ሊያልቅ ሲቃረብ ኳሷ መሀል ላይ ብቻዋን ቀረች። አምበሉ ቀድሞ ደረሰ። ያ አጥቂ ግን ኳሷን አላያትም። ሁለት እግሩን አንሥቶ የአምበሉ ቅልጥም ላይ ወረደበት። የአጥንቱን ድምፅ ከሜዳው ዳር የቆመው ሁሉ ሰማው። አምበሉ አልጮኸም። ከካልሲው በላይ የወጣውን ነጭ ነገር ትክ ብሎ አየና፣

«ይቺ የማን እግር ናት?» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ሜዳ የሚባል ነገር አልነበረም። ሰው ከሁለቱም ወገን ጎረፈ። እኔ አጥቂውን አንዴ በቡጢ አገኘሁት፤ ወዲያው ግርግሩ ነጠቀኝ። ዞር ስል የቡራዩ በረኛ፣ ግዙፍ ሰው ነው፣ ማልያውን አውልቆ ተንበርክኮ የአምበላችንን እግር ሲያስር አየሁት። ከጀርባው የእኛ ሰው ዱላ ሰነዘረ።

«እየረዳው ነው! ተው! እየረዳው ነው!»

ማን ይስማኝ። ዱላው የበረኛውን ራስ ፈለጠው፤ ደሙ አምበሉ ደረት ላይ ፈሰሰ። እላዩ ላይ ስወድቅ ሁለተኛው ዱላ የእኔን ትከሻ አገኘ። የዱላው ባለቤት አብሮኝ ጆንያ የሚሰፋ ሰው ነበር። ዓይን ለዓይን ተያየን፤ እንደገና አነሣው። በረኛውን በብብቱ ይዤ ከጎሉ ጀርባ ወዳለው ቤት ሮጥን።

አዛውንቱ በራፋቸው ላይ ቆመው ነበር። «ሴና! ሴና!» አሉን፤ ግቡ ማለታቸው ነው። ገባን። እሳቸው ጦራቸውን አንሥተው ደጃፉ ላይ ቆሙ። ወዲያው ግቢው በሰበታ ሰው ሞላ።

«ኦቦ፣ የቡራዩውን ያውጡልን! ከርስዎ ጋር ጠብ የለንም!»

«ቤቴ ውስጥ ያለው እንግዳ ነው» አሉ አዛውንቱ በአማርኛ። «እንግዳዬን የፈለገ መጀመሪያ እኔን ይግደል።»

ድንጋይ ጣሪያውን መታው። አንዱ የሣር ክምራቸው ላይ እሳት ለቀቀ፤ ጭሱ በግድግዳው ቀዳዳ ገብቶ አሳለን። የከብቶቻቸው የክረምት ቀለብ ዓይናቸው እያየ ነደደ። ከደጃፉ ግን ንቅንቅ አላሉም። በረኛው ጭኔ ላይ ራሱን አስደግፎ «እማዬን» እያለ ያቃስታል። ፖሊሶቹ ወደ ሰማይ ሲተኩሱ ነው ሰዉ የተበተነው።

አምበሉን አዲስ አበባ ሆስፒታል ወስደው እግሩን ከጉልበቱ በላይ ቆረጡት። አጥቂው ደግሞ ያን ቀን ቡራዩ አልደረሰም። የእኛ ሰዎች መንገድ ላይ ከተሳፈረበት ካሚዮን ጎትተው አውርደው ቀጠቀጡት፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሞተ። ለአምበሉ ወሬውን የነገርኩት እኔ ነኝ፣ አልጋው ግርጌ ቆሜ። ደስ ይለዋል ያሉኝ ነበሩ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«እኔን እግሬን ነው የወሰደኝ። እናንተን ነፍሱን ውሰዱ ብሎ ማን ላካችሁ?»

ገዳዮቹ ታሰሩ። ሙሴ ማልያዎቹን አስሰበሰቡና ከእንግዲህ በፋብሪካዬ ስም ኳስ የሚመታ አይኖርም አሉ። እኛም ሙሉ ቀን ማሽን ላይ ዋልን።

የአጥቂው ተዝካር ሲደርስ አምበሉ ቡራዩ ካልወሰድከኝ አለ። «ይገድሉናል» አልኩት። «ይግደሉና» ብሎ ክራንቹን አነሣ።

ዳሱ ውስጥ ስንገባ ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። አንድ ጎረምሳ ዱላውን ይዞ ተነሣ። ራሱ በሻሽ የታሰረው በረኛ ግን ቀደመው፤ ትከሻውን ይዞ አስቀመጠውና ለአምበሉ ዱካ አቀረበለት። የሟች እናት ከሴቶቹ መሀል ብድግ ብለው መጡ። ባዶ የተንጠለጠለውን የሱሪ እግር ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ይህን ያደረገው ልጄ ነው?»

«አዎ፣ እማማ።»

«የሱን ጥርስ ያረገፈውስ ያንተ እጅ ነው?»

«የእኔ እጅ ነው።»

ሊመቱት ነው ብዬ እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። እሳቸው ግን አጠገቡ መሬቱ ላይ ቁጭ አሉ።

«ኳስ ሲጫወት አይቼው አላውቅም» አሉ። «ይችል ነበር?»

አምበሉ ክራንቹን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«በጣም ይችል ነበር። እሮጣለሁ፣ አልደርስበትም። ስላቃተኝ ነው የመታሁት።»

እናትየው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አለቀሱ፤ እሱም አለቀሰ። በረኛው ጠላ ቀድቶ ሰጠን፤ ጠጥተን ከለቀስተኛው ጋር እስኪመሽ ተቀመጥን።