ጥራት ጨምሪበት

ከሚሊኒየሙ ማግሥት ሀዋሳ ውስጥ የፎቶና የባነር ማተሚያ ቤት ስከፍት ደንበኛው ሁሉ አፉ ላይ አንድ ቃል ነበረች፤ ጥራት። ከአሞራ ገደል ዓሣ ነጋዴው፣ ከቱላ ሙሽራው፣ በሞባይል የተነሳች የክብሪት ቀፎ የምታህል ፎቶ ይዞ ይመጣና «ግድግዳ የሚሞላ አድርጊልኝ፤ ጥራት ጨምሪበት» ይለኛል፤ ጨው ጨምሪበት እንደማለት። እኔም እጨምር ነበር። ኮምፒውተሩ በነጥብና በነጥብ መሀል ሌላ ነጥብ እየገመተ እንዲሞላ ማድረግ፣ የሻከረውን ማለስለስ፣ የደበዘዘውን ጠርዝ ማውጣት ሥራዬ ነው። በዚህ ሥራ ከተማው ውስጥ የሚስተካከለኝ አልነበረም። ምን ላድርግ፣ እውነቱ ይሄው ነው።

አባቴ ግን «ፎቶ አጣቢ» ነበር የሚሉኝ። ከጎጃም ተመድበው መጥተው ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚሁ አማርኛ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። «ዲግሪ ይዛ ፎቶ አጣቢ ሆነች!» ይላሉ፣ እንግዳ ፊት ሳይቀር። ያንገበግበኝ ነበር።

ጡረታ ከወጡ በኋላ ትምህርት ቤታቸው የምሥረታ በዓሉን ሊያከብር ሲሰናዳ የነባር መምህራንን ምስል በትልቁ አሳትሞ ግቢው ውስጥ ሊሰቅል አሰበ። አባቴ ሲያስተምሩ የሚያሳይ ፎቶ አንድ ብቻ ተገኘ፤ በመጨረሻው ዓመታቸው አንድ ባልደረባቸው በሞባይል ያነሳቸው። ስልኩ ጠፍቷል፤ ፍላሽ ላይ የተረፈችው አንዲት ትንሽ ምስል ናት። የበዓሉ አስተባባሪ አይቷት ራሱን ነቀነቀ።

«ይቺ አዲስ አበባም ብትሄድ የምትሆን አይመስለኝም። ካልሆነ የሳቸው ይቅር።»

ደሜ ፈላ። «የሳቸውማ አይቀርም! እዚሁ አትመዋለሁ» አልኩት።

ፊታቸው ወጣልኝ። ኮታቸው ወጣ፣ ጠመኔ የያዘው እጃቸው ወጣ። ሰሌዳው ግን እምቢ አለ። ጽሑፉ ነጭ ጭጋግ ነው፤ ባተለቅኩት ቁጥር ጭጋጉም አብሮ ይተልቃል። ኮምፒውተር ፎቶው ውስጥ የሌለ ፊደል ከየት ያመጣል? አባቴ ደግሞ በመልካቸው ሳይሆን በእጅ ጽሑፋቸው የሚኮሩ ሰው ናቸው። በዚያ ጭጋግ ፊት አቁሜ ብሰቅላቸው ይቅር አይሉኝም።

እያመነታሁ ባጃጅ ልኬ አስመጣኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አፍንጫቸው ስክሪኑን ሊነካ እስኪደርስ ተጠጉ።

«ይሄ ምኑ ጥራት ነው? ሊጥ ነው እንጂ!»

«አባባ፣ ባነር በቅርበት አይታይም። እስቲ በሩ ጋ ሆነው ይዩት።»

እያጉረመረሙ ሄደው ዞሩ። ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩት።

«ግስ ነው» አሉ። «የግስ እርባታ። ከላይ ‹ሄደ›፣ ከሥሩ ‹ሄደች›፣ ከዚያ ‹ሄዱ›። በስተቀኝ መልመጃ።»

«ፊደሉ ይታይዎታል?»

«አይታየኝም። ሰሌዳዬን ግን አውቀዋለሁ።»

በማግሥቱ ፎቶው የተነሳበትን የትምህርት ቤቱን ክፍል አስከፍተን ገባን። ጠመኔ ሰጠኋቸው፤ እጅጌያቸውን ሰብስበው ያንኑ ትምህርት እንደገና ጻፉት። እኔም የድሮው ፎቶ በተነሳበት አቅጣጫ ቆሜ በደህና ካሜራ አነሳሁትና ጭጋጉ በነበረበት ቦታ አስገባሁት። ያልነበረ ነገር አልጨመርኩም፤ ሰሌዳውም እጁም የሳቸው ነው።

በበዓሉ ቀን ባነሩ ከመማሪያ ክፍሎቹ ፊት ለፊት ተሰቀለ። የድሮ ተማሪዎቻቸው፣ ልጆቻቸውን ያቀፉ ትልልቅ ሰዎች፣ ገና ከበሩ ሲገቡ አዩትና እየሳቁ በአንድ ድምፅ ማንበብ ጀመሩ፤ «ሄደ! ሄደች! ሄዱ!» አባቴ ከፊት ወንበር ተነስተው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ እንግዳ ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ ይሄን የመሰለ ነገር የት አሳተሙት?» አላቸው።

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። ሌላው ሰው ዶክተር ልጅ አለችኝ በሚልበት ድምፅ፣ ግቢው ሁሉ እስኪሰማ፣ «ፎቶ አጣቢ ልጅ አለችኝ!» አሉ።