የአጎቴ እግር ከደሴቱ የወጣበት ዓመት

የቤንዚንና የእርጥብ ደንገል ሽታ ተደባልቆ ሲመጣብኝ ዛሬም መቀመጫዬ ያሳክከኛል። ልጅ ሳለሁ ባሕር ዳር ውስጥ ከእኔ በላይ የሚቁነጠነጥ ፍጡር ቢኖር የጣና ማዕበል ብቻ ነበር፤ እሱም ቢሆን ሌሊት ሌሊት ያርፍ ነበር።

በዚያ ክረምት ግን ቤታችን በሙሉ ከእኔ ብሶ ነበር። የእናቴ ታላቅ ወንድም አባ ወልደ ሥላሴ፣ ሴት በማትገባበት ደሴት የሚኖሩ መነኩሴ፣ እንጨት ሲፈልጡ መጥረቢያው ስቶ እግራቸውን አገኛቸውና ዝናቡ ሳያባራ ቁስሉ አመረቀዘ። ሐኪም ቤት ይምጡ ቢባሉ ከደሴቱ ላይወጡ ቃል ስለገቡ አሻፈረኝ አሉ። እናቴም ሄዳ ልታያቸው ስለማትችል ከሐይቁ የመጣውን ታንኳ ቀዛፊ ሁሉ ልብሱን ይዛ «እግራቸው እንዴት ሆነ?» እያለች ስትጠይቅ ትውልና ወጡ ምድጃ ላይ ይቀር ነበር። ያን ክረምት ሙሉ የበላነው ያረረ ነው፤ አባቴም «ዛሬም ከሰል በእንጀራ» እያለ ይጎርስ ነበር።

መስከረም ሲጠባ፣ በዚያ ዓመት ድርቅ የተፈናቀሉትን ሊረዳ ከመጣ ድርጅት ጋር አንዲት ፈረንጅ ነርስ መጣች። ሲስተር እንላት ነበር። አባቴ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ስለነበር በትርፍ ጊዜው ያስተረጉምላት ነበርና የአጎቴን ነገር ቢያጫውታት፣ በቀን ሦስት ጊዜ ከምግብ በኋላ የሚዋጥ ኪኒን ሰጠችው፣ እሱም አድርሶላቸው ተመለሰ። ጥቅምት ላይ ሊጠይቃቸው ቢሄድ እግራቸው ብሶባቸዋል፣ ኪኒኑ ግን አብዛኛው እንዳለ ነው።

«ምነው አባ፣ ሳይውጡት ቀሩ?»

«ኧረ የታዘዝሁትን ነው የፈጸምሁ! ከምግብ በኋላ አላችሁ፤ እኔ የምቀምስ በቀን አንዴ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ።»

ሲስተር ይህን ስትሰማ ፊቷ በርበሬ መሰለ አሉ። «እኔ ራሴ እሄዳለሁ» አለች። ሴት አትገባም ቢሏት ማን ሰምቶ።

ኅዳር ውስጥ አንድ እሑድ፣ አባቴ ከቀበሌው የውይይት ክበብ «ሆዴን አሞኛል» ብሎ ቀረና (ሆዱን ያመመው ሰው በሞተር ጀልባ ሲንሸራሸር ሊቀመንበሩ ቢያየው ኖሮ ይህን የሚጽፍላችሁ ባልተገኘ) እናቴን፣ ሲስተርንና እኔን ይዞ ተነሣ። መንገዱን ሙሉ እኔ ብቻ «ደረስን?» ስል መንፈቅ የሚያህል ጊዜ አለፈ።

የገዳሙ መምህር ከጀልባ ማረፊያው ደንጊያ ላይ ቆመው ጠበቁን። ሲስተር እጇን እያወናጨፈች፣ አንገቷ ድረስ እየቀላች፣ ብዙ ተናገረች። አባቴም ጎንበስ ብሎ፣

«እንደምን ሰነበቱ ትላለች» አላቸው።

«ይኸን ሁሉ ለሰላምታ? ደግ ሴት ናት» አሉ መምህሩ።

አጎቴን በቃሬዛ አመጧቸው። እግራቸው አብጦ የእኔን ወገብ አክሏል፤ እስከ ዛሬ እንዲያ ያለ እግር አላየሁም። እናቴ ብድግ ስትል ጀልባው ዘመመ፤ «ተቀመጪ፣ ልታሰጥሚን ነው?» ብሎ አባቴ ጮኸ። አጎቴ አይወጡ፣ ሲስተር አትገባ፤ በመካከላቸው ያለው ውኃ አንድ ክንድ አይሞላም ነበር። ሲስተር እግሩን ከሩቅ አይታ ለአባቴ በቀስታ የሆነ ነገር ነገረችው፤ ይህንን ግን አልተረጎመም። እናቴ ፊቱን አይታ ገባት።

መምህሩ ደንጊያውን አዩ፣ ጀልባውን አዩ፣ ጢማቸውን አሹ።

«ወገቡ እዚሁ ደንጊያው ላይ ይሁን። ቃል የገባው እሱ ነው፤ እግሩ ምንም አልማለ። እግሩ ይሂድ።»

የአጎቴ እግር ወደ ጀልባው ተሻገረ። ሲስተር እርጥቡ ወለል ላይ ተንበርክካ እግሩን ጉልበቷ ላይ አስደገፈችው። አጎቴ ሴት ላለማየት ነጠላቸውን ተከናንበዋል። መርፌውን አዘጋጅታ ስታበቃ ግን እጇን ገታ አድርጋ፣ «መርፌ ጾም ያስገድፋል ወይ?» ብላ አስጠየቀች።

«አያስገድፍም» አሉ መምህሩ፣ «ስለጠየቀች ግን እግዜር ይስጣት።»

ቁስሉን ስትከፍተው አጎቴ አልጮኹም፤ እኔ ጮኽሁላቸው፣ ከሐይቁ ማዶ ማክሰኝት ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። እናቴ «አባ፣ እኔ ነኝ፣ አለሁ» አለች።

«ያረረ ወጥ ሽታሽን ማን ያጣዋል» አሉ ከነጠላቸው ውስጥ። እናቴ ያን ቀን ስታለቅስ ይሁን ስትስቅ እስካሁን አልለየሁም።

ሲስተር እስከ ገና ተመላለሰች፤ በመጣች ቁጥርም እግሩ ወጥቶ ተመለሰ። ጥር ላይ አጎቴ በሁለት እግራቸው ደንጊያው ላይ ቆመው ከሩቅ ባረኩን።

ዛሬ እናቴ አርጅታለች። ባለፈው ሁዳዴ ለደም ግፊቷ ኪኒን ልናወጣ መስታወት በመስታወት የሆነ መድኃኒት ቤት ገባን። የሚያስተናግደው ልጅ ማተብ ያሰረ፣ ከንፈሩ የደረቀ፣ እሱም እንደ እሷ ጾመኛ ነው። ቀና ሳይል «ጠዋት ከቁርስ በኋላ» አላት፤ እሷም «እሺ ልጄ» አለችው። ያች ፈረንጅ ስለእኛ ምንም ስለማታውቅ ትጠይቅ ነበር፤ እኛ ስለምንተዋወቅ መጠያየቁን ትተነዋል። እኔ መቼም ዝም ብዬ መቆም አልችል፣ መስታወቱን በጣቴ መታ መታ አደረግሁና፣

«ወንድም ዓለም፣ እስቲ ቁርስ ትበላ እንደሆነ ጠይቃት» አልሁት።

ልጁ ቀና ብሎ አያት።