ባዶ በርሜል ሲጨስ

ዩላ ፔቲግሩ በምስጋና ቀን ዋዜማ ከሥራ ስትመለስ እግሯ የራሷ አልመስላት ብሎ ነበር። በአረጋውያን መጦሪያው ተረኞች ስለቀሩ የእነሱንም ሥራ ደርባ ነው የዋለችው። አዛውንት ስታገላብጥ፣ ስታጥብ፣ ስትደግፍ ውላ ወገቧ ሊቆረጥ ደርሷል። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ በካልሲዋ ወደ ማድ ቤት ገባችና የማቀዝቀዣውን የታችኛውን በር ከፈተች። ያኔ ነው ጉዷን ያየችው። ለበዓሉ ገበታ የገዛችው ተርኪ፣ ዶሮን ብዙ እጥፍ የሚያህለው ወፍ፣ እንዳለ ቁጭ ብሏል። ሰኞ አውጥታ በረዶውን ማቅለጥ፣ ማክሰኞ ጨው ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ ነበረባት። ሰኞ ከሥራ መጥታ ሶፋው ላይ እንደተቀመጠች እንቅልፍ ጣላት፣ ማክሰኞ ጭራሽ ረሳችው፤ ይኸው አሁን ያ የሚያህል ወፍ ከበረዶው ጋር ተጣብቆ ደንጊያ ሆኖ ይጠብቃታል። በጣቷ ስታንኳኳው ኳ አለ።

«አሁን ምን ይዋጠኝ ኸርሸል?» አለች፣ ለሌለው ባሏ።

በእኛ ሰፈር፣ በምሥራቅ ቴክሳስ ጥዶች መካከል፣ ተርኪውን በምድጃ የሚጋግር ሰው ሞልቷል፤ ማንም ምንም አይለውም። ኸርሸል ፔቲግሩ ግን የምድጃ ተርኪ የበሽተኛ ምግብ ነው ባይ ነበር። አሮጌ የነዳጅ በርሜል በገዛ እጁ ቆርጦና በይዶ የሠራው፣ ሥጋ በጭስ የሚያበስልበት ማጨሻ፣ ለውዝ መሰል ፍሬ ከሚሰጠው የጓሮው የፔካን ዛፍ ሥር ቆሟል። የምስጋና ቀን በሚውልበት ሐሙስ ወፍ ሳይንጫጫ ተነስቶ ያቀጣጥለዋል፤ ጭሱ በመንገዱ ቁልቁል ሲወርድ ሰፈሩ በሙሉ «ኸርሸል ጀመረ» ይላል። አንድ ሕግ ነበረው፦ ከእሱ በቀር የበርሜሉን ክዳን የሚነካ የለም። ሰርቆ ከፍቶ ያየ ሰው ገበታ ላይ የሚደርሰው የተርኪው አንገት ብቻ ነው። አንድ ዓመት ፓስተሩ ራሳቸው አላስችል ብሏቸው ከፍተው አንገት ሲግጡ ዋሉ።

ኸርሸል ባለፈው ጸደይ ሞተ። በዓሉ ሲቃረብ ልጃቸው ሻርሊን ከዳላስ ደወለች። «እማዬ፣ ዘንድሮ ለምን እኛ ጋ አይሆንም? አባዬ የለም፣ አንቺም ደክሞሻል። ማን ሊያጨሰው ነው?»

«እኔ» አለቻትና ስልኩን ዘጋችው።

ዩላ የምትፈራውን ታውቃለች። የገና በዓል «ለዘንድሮ ብቻ» ተብሎ ወደ ዳላስ ሄዶ በዚያው ቀረ። ይሄኛውም በዓል ከእጇ ከወጣ ልጆቿ ወደዚህ ቤት የሚመጡበት ሌላ ምክንያት አይኖራቸውም። ቤቱ እሷንና ቴሌቪዥኑን ይዞ ይቀራል። እውነቱ ይነገር ከተባለ ግን ግማሽ ልቧ «ይሂድ በቃ፣ ልተኛበት» ይላት ነበር፤ ያንን ግማሽ ልቧን ታፍርበታለች።

ያን ምሽት ያንኑ የደከመ እግሯን መልሳ ጫማ ውስጥ ከትታ ወደ ገበያ አዳራሹ ነዳች። በፕላስቲክ የታሸገ፣ በፋብሪካ በስሎ ያለቀ፣ «ማሞቅ ብቻ» የሚል የተጻፈበት ተርኪ አገኘች። የሚያውቃት ሰው እንዳያያት ከላይ የወረቀት ፎጣ ጭና፣ ቤት ስትደርስ ደግሞ በልብስ ቅርጫት አድርጋ ወደ ማጠቢያው ክፍል አስገባችውና እዚያ ያለው ትንሽ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሸሸገችው። የበሰለ ነገር እንደ ጥሬው ግማሽ ቀን አይፈልግም። ረፋዱ ላይ ለስለስ ያለ ጭስ ብታስገባው እስከ ምሳ ይሞቃል፣ ቀለምም ሽታም ይይዛል። እስከዚያ እንደ ሰው ትተኛለች። ይህን አስባ ደስ አላት።

አልጋዋ ላይ ጋደም እንዳለች ኦዴል ትዝ አላት።

ኦዴል የኸርሸል ታላቅ ወንድም ነው። ከእንጨት መሰንጠቂያው ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራው በጠዋት ተነስቶ በዚያች አሮጌ መኪናው መንደሩን መዞርና ያየውን ማውራት ሆኗል። ያ ሐሙስ ነግቶ ከኸርሸል ጓሮ ጭስ ሳይወጣ ካየ፣ ሻርሊን ገና ከዳላስ ሳትነሳ ወሬው ጆሮዋ ይደርሳል። የበሰለውን ወፍ ደግሞ በጎህ ካስገባችው እስከ ምሳ የጫማ ሶል ይሆናል። ወፉ በረፋድ፣ ጭሱ ግን በጎህ። ዩላ ጣሪያውን እያየች ብዙ አሰበች፤ ከባዶ በርሜል በቀር መላ አልመጣላትም።

እናም ሰማይና ምድር ሳይላቀቅ የኸርሸልን ጃኬት ደርባ ወጣች። ፍልጡን ደርድራ፣ እሳቱን አያይዛ፣ ውስጡ ምንም የሌለውን በርሜል ክዳኑን ገጥማ ዘጋችው። ድካም እንዲቀንስላት ያሰበችው ነገር ጭራሽ ሌላ ሥራ ወለደ። ማንም ለማይበላው ነገር እንጨት እየማገደች መቆሟን ስታስበው ሊያስቃትም ሊያስለቅሳትም ዳዳው፤ ለሁለቱም አቅም አልነበራት።

ጭሱ ከፔካኑ ቅርንጫፎች በላይ ከፍ እንዳለ የኦዴል መኪና እየተንኳኳ ወደ ግቢው ታጠፈ። ኦዴል ታጣፊ ወንበሩን በአንድ ብብቱ፣ የፔካን ፍሬ የሞላ ከረጢት በሌላው ይዞ ወረደ።

«እህት ዩላ! ይሄን ጥቁር ጭስ ኸርሸል ቢያይ ከመቃብሩ ተነስቶ ነበር የሚያባርርሽ!»

«ተነስቶ ያባርረኝ! እስከዚያው አንተ አፍህን ዘግተህ ተቀመጥ።»

«መቀመጤንስ መቀመጤ ነው። ወፉን መቼ አስገባሽው?»

«ገና ጨለማ ሳለ።»

«ትልቅ ነው?»

«ያንተን ሆድ ያክላል።»

ኦዴል ሳቀና ወንበሩን ሁልጊዜ ከሚያኖርበት ቦታ፣ ከበርሜሉ በስተግራ ዘረጋ። በስተቀኝ የኸርሸል ቦታ ነበር። ዩላ ትንሽ ካንገራገረች በኋላ እዚያው ተገልብጦ የነበረው ባልዲ ላይ ተቀመጠች። ኦዴል ፍሬውን በመዳፉ ውስጥ እርስ በርሱ እየጨፈለቀ ይፈለፍል ጀመር፤ ከሚፈለፍለው ግማሹን ለእሷ ያቀብላታል። ብዙ ሳይቆይ ጆሮውን ወደ በርሜሉ ዘንበል አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። ዩላ አንቀላፋ ብላ ተንፈስ አለች። ቆይታ ስታየው ግን እጁ ፍሬ መፈልፈሉን አላቆመም።

«ኸርሸል ሆስፒታል ሳለ፣ መጨረሻ ላይ» አለ ድንገት፣ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ «ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ‹እንጨቱን እርጥብ እንዳታደርጉብኝ› አለኝ። ሰው እየሞተ እንጨት ያስባል?»

«ኸርሸል ያስባል።»

«ግትር ነበር።»

«በጣም እንጂ» አለች ዩላ። ጭሱ ዓይኗን አቃጠላት፤ በጃኬቱ እጅጌ ጠረገችው። እጅጌው አሁንም ኸርሸልን ይሸት ነበር።

ፀሐይዋ ከፍ ስትል ጭንቅ መጣ። ወፉ የሚገባበት ሰዓት ደርሷል፣ ኦዴል ደግሞ እንደ ጉቶ ተተክሏል። ዩላ ተነስታ ቀሚሷን አራገፈች።

«ኦዴል፣ እስቲ ከቤተክርስቲያኑ አዳራሽ ወንበር አምጣልኝ።»

«የምን ወንበር? ለእኛ የሚበቃ አለሽ እኮ።»

«የተሰበረ አለ።»

ኦዴል እሷን አየ፣ ከዚያ በርሜሉን አየ። ጉልበቱን ደግፎ እያቃሰተ ተነሳና «አለቃ ሆነሽብኛል» እያለ ወደ መኪናው ሄደ።

መኪናው እንደታጠፈ ዩላ ድካሟን ረስታ ሮጠች። ወፉን ከማጠቢያው ክፍል አውጥታ ፎጣ አልብሳ፣ ቀደም ብላ ባዘጋጀችው ቅቤና በርበሬ አሽታ፣ በርሜሉ ውስጥ አጋድማ ክዳኑን ገጠመች። ፕላስቲኩን ጠቅልላ ለሥራ በምትይዘው ቦርሳ ውስጥ ወተፈችው። አሁን ይመጣል፣ አሁን ይመጣል ስትል ኦዴል የውኃ ሽታ ሆነ። በመጨረሻ ሲመለስ ከመኪናው ያወረደው አንዲት ወንበር ነበረች።

«አንድ ብቻ?»

«የተሰበረው ስንት ነው?» አላት።

ከምሳ በፊት ሻርሊን ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር ደረሰች። ከመኪናዋ እንደወረደች ቆመች፣ የጭሱን ሽታ በረጅሙ ሳበችና ተነፈሰች። «እማዬ … አባዬ ያለ መሰለኝ» አለችና ፊቷን በእናቷ ትከሻ ላይ ደፋች። ዩላ አቅፋት ቆመች። ኩራትም እፍረትም አንድ ላይ ተሰማት።

ገበታው ተዘረጋ። የበቆሎ ዳቦው፣ ጎመኑ፣ ስኳር ድንቹ፣ መረቁ ቀረበ። ተርኪው መሃል ላይ ሲቀመጥ ቆዳው ጠይም ሆኖ ያብረቀርቃል፤ ማንም የማይጠረጥረው መልክ አለው። ፓስተሩ ስላልነበሩ ኦዴል ጸለየና የኸርሸልን ቢላ አነሳ። ትንሹ የልጅ ልጇ ወንበሩ ላይ ቆሞ እጁን ያጨበጭብ ጀመር።

«ቀዩን አሳየን! ቀዩን አሳየን!»

ዩላ የያዘችውን ሹካ አስቀመጠች። ይህን እንዴት ረሳችው? ጥሬ ሥጋ ከጭስ ጋር ሲውል ከቆዳው ሥር ሮዝ ቀለበት ያበጃል። ኸርሸል የመጀመሪያውን ቁራጭ በቢላው ጫፍ አንስቶ ያንን ቀለበት ለገበታው ሁሉ ሳያሳይ ማንም አይበላም ነበር። ቀድሞ የበሰለ ሥጋ ደግሞ ሳምንት ቢታጠን ያንን ቀለም አያወጣም። ሁሉንም አስባ፣ ጎህ ሳይቀድ ተነስታ ባዶ በርሜል አጭሳ፣ ይሄን ረሳች። ደክሟት ነበር እኮ! እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ ጠበቀች። አሁን ሻርሊን ታየዋለች፣ ትስቅና «ምስኪን እማዬ» ትላለች፣ ከርሞ ዳላስ ይሆናል።

ኦዴል ቆረጠ። ሥጋው እስከ ቆዳው ድረስ ነጭ ነበር። ዩላ አየችው፤ ኦዴልም አየው። ቢላው ለአፍታ አየር ላይ ቆመ። ከዚያ ቁራጩን ወደ ገበታው ሳይሆን ወደ ገዛ አፉ ወረወረው።

«አጎቴ ኦዴል!» ጮኸ ልጁ።

«የዘንድሮው ቀይ የኔ ነው» አለ ኦዴል አፉ እንደሞላ። «አንተም ስትሸመግል ታየዋለህ። ምንድነው የምታፈጡብኝ? ሳህን አቀብሉኝ!» የሚቆርጠውን እየቆረጠ፣ መረቁን በጭልፋ ሙሉ ከላዩ እያለበሰ ለሁሉም አደለ። ሳቁ ገበታውን ሞላው። ሻርሊን ቀመሰች፣ አኘከችና ዓይኗን ጨፈነች።

«እማዬ፣ ተሳስቼ ነበር» አለች። «ይሄ ነገር ከዚህ ቤት መውጣት የለበትም። ከርሞም እዚሁ ነን።»

ዩላ ደስ አላት። በዚያው ቅጽበት ደግሞ ከርሞ ተነስታ እንጨት ስትማግድ ራሷን አየችና ድካሟ እጥፍ ሆነ።

ከምሳ በኋላ ሻርሊን ሳህኑን አላስነካ ስትላት ወደ ጓሮ ወጣች። ኦዴል ከበርሜሉ በስተግራ ተቀምጧል። እሷም ባልዲው ላይ ተቀመጠች።

«አመሰግናለሁ» አለችው። «ስትቆርጠው ሁሉም ነገር ሊታወቅብኝ ነው ብዬ ነበር።»

«እኔማ ጠዋት ነው ያወቅሁት።»

«ክዳኑን ከፍተህ አየህ?»

«አንገት ልግጥልሽ? አልከፈትኩም! ሳዳምጥ ነበር። ወፍ ያለበት በርሜል ስቡ እሳቱ ላይ ሲንጠባጠብ ቸስ ይላል። ያንን ሁሉ ሰዓት አንዴ እንኳ ቸስ አላለም። ባዶ በርሜል ዝም ነው የሚለው።» ፍሬ ፈልፍሎ አቀበላት። «አንድ ወንበር ለማምጣትስ ይሄን ያህል የሚቆይ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? ጥግ ላይ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ እስክትጨርሺ ጠበቅሁሽ።»

ዩላ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «ባዶ መሆኑን እያወቅህ ለምን ተቀመጥክ ታዲያ?»

ኦዴል የፍሬውን ልጣጭ ከጭኑ ላይ አራገፈ።

«ወዴት ልሂድ ዩላ?» አለ። «ትናንት ሲመሽ ‹ነገ በዚህ መንገድ አላልፍም፣ ጭስ ሳይኖር ማየት አልችልም› ብዬ ነበር የተኛሁት። ጠዋት ሳላስበው መጣሁ። ጭሱን ሳየው መኪና ውስጥ አለቀስኩ። እና ውስጡ ወፍ ቢኖር ባይኖር ምን ቸገረኝ?»

ዩላ ዞር ብላ በርሜሉን አየችው። ለካ ያን ሁሉ እንጨት በከንቱ አልማገደችም።

«ከርሞ እኔ አቀጣጥላለሁ» አለ ኦዴል። «አንቺ ተኚ።»

«አንተ እኮ ተርኪ ማጨስ አትችልም። አንዴ ሞክረህ ከሰል አድርገኸዋል።»

«ተርኪ አልችልም። ባዶውን ግን እችላለሁ። የበሰለውን ረፋድ ላይ ታመጪዋለሽ፣ እኔ ወንበር ፍለጋ እሄዳለሁ።»

ሳቀች። ሳቋ መሃል ላይ ተሰብሮ እንባ ሆነ፤ ኦዴልም አላባበላትም፣ አጠገቧ ሆኖ ፍሬውን መፈልፈሉን ቀጠለ። ከዚያ ከወንበሩ ተነስቶ እሷን አስቀመጣትና ባልዲው ላይ እሱ ተቀመጠ። ከቤት ውስጥ የልጆቹ ጫጫታና የሳህን ድምፅ ይመጣል። የዩላ አንገት ቀስ በቀስ ወደ ኸርሸል ጃኬት ኮሌታ ዘመመ። ኦዴል እንቅልፍ እንደወሰዳት ካረጋገጠ በኋላ፣ እንዳትነቃ ቀስ ብሎ፣ ባዶው በርሜል ሥር አንድ ፍልጥ ጨመረ።